የአርዱዊኖ ጀማሪ ኪት ለልጆች፦ ሳጥኑን ግዙ፣ መመሪያውን ግን ለጊዜው አስቀምጡት

ለልጃችሁ ወይም ለትምህርት ቤታችሁ የሳይንስ ክበብ የአርዱዊኖ ኪት እንግዛ ወይስ ይቅርብን እያላችሁ ከሆነ መልሴ አጭር ነው። ግዙ። ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉ ልጆች በዚህ ዋጋ ይህን ያህል የሚያስተምር ዕቃ ሌላ አላውቅም። ሳጥኑን አስረክባችሁ ዞር ልትሉ ካሰባችሁ ግን ገንዘባችሁን ያዙ። በሳምንቱ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ የሚያወጣውም የለም። እኔ ኪቱን የማውቀው በትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ውስጥ ከልጆች ጋር እየገጠምኩና እየፈታሁ ነው። ስለዚህ የምጽፈው ልጆቹ እጅ ላይ የሆነውን ነው።

ምን እንደሆነ ለማያውቅ ባጭሩ። አርዱዊኖ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ናት። ኮምፒውተር ላይ የጻፋችሁትን ትእዛዝ በዩኤስቢ ገመድ ትጭኑባታላችሁ። ከዚያ ከኮምፒውተሩ ብትነቅሏትም ባትሪ እስካገኘች ድረስ የተባለችውን ትሠራለች፤ መብራት ታበራለች፣ ሙቀት ትለካለች፣ ሞተር ታዞራለች። ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ጣሊያን ውስጥ ኢቭሪያ በምትባል ከተማ ነው። ማሲሞ ባንዚና ባልደረቦቹ ለዲዛይን ተማሪዎች የሚሆን ርካሽና ቀላል ሰሌዳ ስለፈለጉ ራሳቸው ሠሩት፣ ንድፉንም ለዓለም ክፍት አድርገው ለቀቁት። ለዚህ ነው ዛሬ የትኛውም ፋብሪካ አምርቶ መሸጥ የሚችለው። እኛ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ቻይና የተመረተ ቅጂ ነው። ቅጂ መሆኑ አያስደንግጣችሁ። የአርዱዊኖን ስምና አርማ እስካልተጠቀመ ድረስ ሕጋዊ ነው፣ ለልጆች ሥራም በደንብ ይበቃል።

ሳጥኑ ሲከፈት ኡኖ የምትባለው ሰሌዳ፣ የዩኤስቢ ገመድ፣ ያለ ብየዳ ሽቦ የሚሰካበት ነጭ ብሬድቦርድ፣ ባለ ብዙ ቀለም ኤልኢዲ መብራቶች፣ የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚቀንሱ ሬዚስተሮች፣ ቁልፎች፣ ድምፅ የምታሰማ በዘር፣ ትንሽ ሰርቮ ሞተር፣ ሁለት መስመር የሚጽፍ ስክሪን እና የተለያዩ ሴንሰሮች ይወጣሉ። ብርሃን የሚለካ አለ። ሙቀትና እርጥበት የሚለካው ሰማያዊው ዲኤችቲ11 አለ። ርቀት የሚለካው ኤችሲ-ኤስአር04 አለ፣ ይሄኛው የኪቱ ንጉሥ ነው፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ትልልቆቹ ኪቶች ላይ ሪሞት፣ ጆይስቲክ፣ የካርድ ማንበቢያ ምናምን ይጨመራል። ለልጆች ጀማሪ አብዛኛው አያስፈልግም። ሳጥኑን ሙሉ ለማስመሰል የገባ ነው።

መጀመሪያ ጥሩውን ልንገራችሁ። ይህ ዕቃ ፊዚክስን ከጥቁር ሰሌዳ አውርዶ ልጁ እጅ ላይ ያስቀምጠዋል። የኦምን ሕግ እንውሰድ። ክፍል ውስጥ ቀመሩ ይጻፋል፣ ልጁ ይገለብጣል፣ ለፈተና ይሸመድዳል፣ ይረሳል። ኪቱ ላይ ግን ሰሌዳዋ 5 ቮልት ትሰጣለች። ቀይ ኤልኢዲ 2 ቮልት ገደማ ይወስዳል። የቀረው 3 ቮልት ለ220 ኦም ሬዚስተር ሲካፈል 14 ሚሊአምፒር አካባቢ ይመጣል፣ የሰሌዳዋ እግር (ሽቦው የሚሰካባት መውጫ) ደግሞ በደህና የምትችለው እስከ 20 ነው። ልጆቹ ይህን ደብተር ላይ አስልተው፣ ሬዚስተሩን መርጠው፣ ሰክተው ሲበራ ያያሉ። ከዚያ በ1000 ኦም ቀይሩት በሏቸው። መብራቱ ይደክማል። ለምን? አስሉት። 3 ሚሊአምፒር። እዚህ ጋ «አሃ!» የሚል ድምፅ ከክፍሉ ጥግ ትሰማላችሁ። ያ ልጅ ቀመሩን ድጋሚ መሸምደድ አያስፈልገውም።

ፕሮግራሙም እንደዚያው ነው። ሰሌዳዋ ላይ ራሷ ትንሽ መብራት ስላለች ለመጀመሪያው ትምህርት ምንም ሽቦ አያስፈልግም። መብራቷ አንድ ሰከንድ በርታ አንድ ሰከንድ እንድትጠፋ የሚያዝ አጭር ኮድ አለ። ኮዱ ውስጥ 1000 የሚል ቁጥር አለ፣ ሚሊሰከንድ ማለት ነው። ልጆቹን 1000ውን በ100 ቀይሩ በሏቸውና ተዉአቸው። ከዚያ በኋላ እናንተን አይጠይቋችሁም። 50 ይሞክራሉ፣ 10 ይሞክራሉ፣ 10 ላይ መብራቷ ሳትቋረጥ የበራች ስትመስላቸው ደግሞ ስለ ዓይናችን መጠየቅ ይጀምራሉ። የባዮሎጂ ትምህርት በራሱ ጊዜ መጣ ማለት ነው።

ኪቱን ከሁሉ በላይ ያስወደደኝ ግን ሮቶ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ለሚደርሰው ሰው ሮቶ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ቤታችሁ ውስጥ የሚያስቸግር ነገር ንገሩኝ ብዬ ልጆቹን ስጠይቅ አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ እናቷ ውሃው ምን ያህል እንደቀረ ለማወቅ ሮቶውን ከላይ ወደ ታች እያንኳኳች ድምፁ የሚለወጥበትን ቦታ እንደምትፈልግ ነገረችን። ሌሎቹም «የእኛም ቤት! የእኛም ቤት!» አሉ። ፕሮጀክታችን ያኔ ተወለደ። ኪቱ ውስጥ ያለው የርቀት ሴንሰር ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ይልክና የገደል ማሚቶውን ይጠብቃል። ድምፁ ሄዶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ይነግራችኋል፣ ርቀቱን ማስላት የእናንተ ፋንታ ነው። ሴንሰሩን ክዳኑ ላይ ወደ ታች ብትገጥሙት ውሃው ስንት ሳንቲሜትር ወርዶ እንዳለ ያውቃል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ስሌት በሜትር ከለካነው ርቀት እጥፍ አወጣ። ልጆቹ ሴንሰሩ ተበላሽቷል አሉ። ሴንሰሩ ደህና ነው፣ ድምፁ ግን ሄዶ ተመልሷል፣ ስለዚህ ለሁለት መካፈል አለበት። እንዲህ በቀላሉ የጻፍኩትን ነገር እነሱ ራሳቸው እስኪደርሱበት ድረስ ብዙ ተከራከሩ፣ እኔም ዝም አልኩ። ክርክሩን ማቋረጥ ለኪቱ የወጣውን ገንዘብ መጣል ነው። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል። አንድ ሜትር ርቆ ካለ ውሃ ደርሶ ለመመለስ 6 ሚሊሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም፣ ያቺ ምስኪን ርካሽ ሰሌዳ ደግሞ ይህን ጊዜ ትቆጥራለች። ልጆቹ ማመን አቅቷቸው ነበር።

ከዚያ አንዱ «ቲቸር፣ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ድምፅ ቀስ ይላል?» ብሎ ጠየቀ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በመጽሐፍ ብቻ ስናስተምር አይመጣም። መልሱ፣ አየሩ ስለሳሳ አይዘገይም፤ ወደ ላይ ስንወጣ ግፊቱም እፍጋቱም አብረው ስለሚቀንሱ አንዱ የሌላውን ውጤት ያጠፋዋል። የሚለውጠው ሙቀቱ ነው። በ10 ዲግሪ የድምፅ ፍጥነት ወደ 337 ሜትር ይወርዳል። ታዲያ ኪቱ ውስጥ ሙቀት የሚለካ ሴንሰር አለ አይደል? ልጆቹ ሁለቱን አገናኙና ሙቀቱን እያየ ራሱን የሚያርም መለኪያ ሠሩ። ልዩነቱ በአንድ ሜትር ላይ ሁለት ሳንቲሜትር እንኳ አይሞላም፣ ለሮቶ ደግሞ ምንም አይደለም። እነሱ ግን ሳያስተካክሉ እንቢ አሉ። ይህ ነው ሳይንስ ትምህርት እንዲሆን የምንመኘው።

የሮቶ ፕሮጀክት ለመሞከር የምትፈልጉ ካላችሁ የሚከተለውን ያዙ። መጀመሪያ በሰፊ ባልዲ ሞክሩ። ጀሪካን አይሆንም፣ አፉ ጠባብ ስለሆነ ድምፁ ጎንና ጎኑን እየመታ የተሳሳተ ቁጥር ያመጣል። ሮቶው ቀጥ ያለ ሲሊንደር ስለሆነ የከፍታው መቶኛ የውሃው መቶኛ ነው፣ ጫፉ ላይ ካለው ጉብታ በስተቀር፤ ይህን ልጆቹ ራሳቸው በሒሳብ እንዲያሳዩ ጠይቁ። ሴንሰሩ ከ2 ሳንቲሜትር የቀረበውን አያይም፣ ስለዚህ ሮቶው ሙሉ ሲሆን ውሃው እንዳይጠጋው አድርጋችሁ ግጠሙት። ደግሞ ውሃ የሚቋቋም አይደለም። ሮቶ ውስጥ ላቡ ብዙ ነው፣ ከቆየ ይዝጋል። ለወራት እንዲቆይ ከተፈለገ ውሃ የማያስገባው ዓይነት ለብቻው ይገዛል፣ ያኛው ግን ከ20 ሳንቲሜትር በታች የቀረበውን ስለማያይ ከፍ ብሎ መሰቀል አለበት።

አሁን ወደ ድክመቱ። ቀላል አይደለም።

ትልቁ ችግር መመሪያው ነው። በእንግሊዝኛ ነው፣ እንግሊዝኛውም ራሱ የተበላሸ ነው፣ አንዳንዱ ኪት ላይ ደግሞ መመሪያው በሲዲ ይመጣል፤ ሲዲ የሚያነብ ላፕቶፕ ዛሬ ከየት ይመጣል? በአማርኛ ወይም በሌላ የአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚማር የ5ኛ ክፍል ልጅ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ግማሽ ገጽ የሚሞላ ኮድ ሲያይ «ይሄ የእኔ አይደለም» ብሎ ይዘጋዋል። ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ለእሱ አልተጻፈም። ስለዚህ መመሪያውን ለራሳችሁ አስቀምጡትና ልጆቹን በስክራች ጀምሩ። ስክራች ኤምአይቲ እ.ኤ.አ. በ2007 ለልጆች ያወጣው ነጻ የፕሮግራም መማሪያ ነው፣ ትእዛዞቹ እየተገጣጠሙ የሚሠሩ ባለቀለም ብሎኮች ናቸው። ብዙ ወላጅ የማያውቀው ነገር ቋንቋውን አማርኛ ማድረግ መቻሉን ነው። ከቋንቋ ምርጫው ላይ አማርኛን ስትነኩ ብሎኮቹ ይለወጣሉ። ኢንተርኔት ለሌለው ኮምፒውተር የሚጫን ስሪትም አለው። ልጁ መደጋገም ምን እንደሆነ፣ «እንዲህ ከሆነ እንዲያ አድርግ» ምን እንደሆነ በራሱ ቋንቋ ከገባው በኋላ ወደ ኤምብሎክ ማለፍ ይችላል። ኤምብሎክ እንደ ስክራች በብሎክ የሚሠራ ሆኖ አርዱዊኖን የሚያዝ ነው። የእንግሊዝኛው ኮድ ከዚያ በኋላ ይምጣ። በዚህ ቅደም ተከተል የሄዱ ልጆች በኮድ ፊት ሲደነግጡ አላየሁም።

ሁለተኛው ችግር ኮምፒውተሩ ሰሌዳዋን አለማወቁ ነው። ቅጂዎቹ ላይ ያለችው የዩኤስቢ ቺፕ በአብዛኛው ሲኤች340 የምትባል ርካሽ ቺፕ ናት፣ ለእሷ ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ እንዲያውቃት የሚያደርግ ትንሽ ፕሮግራም መጫን ያስፈልጋል። ኢንተርኔት ያለው አዲስ ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ራሱ ያመጣላችኋል። የትምህርት ቤት አይሲቲ ክፍል ውስጥ ያሉት አሮጌ ኮምፒውተሮች ግን አያመጡም። ድራይቨሩን ቀድማችሁ አውርዳችሁ በፍላሽ ያዙ። የአርዱዊኖ ሶፍትዌር ራሱ ሁለተኛው ትውልድ ዊንዶውስ 10 ይፈልጋል፣ ዊንዶውስ 7 ላይ አይሄድም። ለአሮጌ ማሽን 1.8.19 የሚለውን አውርዱ፣ ቀላል ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ኮምፒውተር ጭራሽ ከሌለ ደግሞ አንድሮይድ ስልክ ላይ አርዱዊኖድሮይድ የሚባል አፕ አለ። ኦቲጂ በሚባለው የስልክ ማገናኛ ገመድ ስልኩን ከሰሌዳዋ ጋር ማገናኘት ይቻላል፣ ለትንሽ ሥራ ያገለግላል።

ሦስተኛ፣ ባለ 9 ቮልቱ አራት ማዕዘን ባትሪ። ኪቱ ውስጥ የባትሪው መሰኪያ አለ፣ ልጆቹም ይወዱታል፣ ግን ቶሎ ያልቃል፣ ሰርቮ ሞተር ካገናኛችሁ ደግሞ ሰሌዳዋ በየመሐሉ እየጠፋች ትነሳለች፣ ልጁም ኮዱ ተሳስቷል ብሎ ሲለፋ ይውላል። ፓወር ባንክ ተጠቀሙ። አንዳንዱ ፓወር ባንክ የሚወሰድበት ኃይል ሲያንስ ራሱን ያጠፋል፣ ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ቤት ያለውን ሞክሩ።

ሽቦዎቹም አያስተማምኑም። ከላይ ደህና የሚመስል ጃምፐር ውስጡ ተበጥሶ ይገኛል። ቮልት የሚለካና ሽቦ መበጠሱን የሚያሳይ ርካሽ መልቲሜትር አብራችሁ ግዙ። እንዲያውም ከኪቱ ውስጥ ጆይስቲኩና ሪሞቱ ቀርቶ መልቲሜትር ቢገባበት ምንኛ ጥሩ ነበር። የሙቀት ሴንሰሩ ደግሞ ሁለት ዲግሪ ወደላይ ወይም ወደታች ሊሳሳት ይችላል። ይህን ለልጆቹ አትደብቁ። ሁለት ሴንሰር ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ የተለያየ ቁጥር ሲያሳዩ «የቱ ነው ትክክል? በምን እናውቃለን?» ብላችሁ ጠይቁ። ስለ ልኬትና ስለ ስሕተት ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም።

ስለ ግዢው። አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች አሉ፣ ቴሌግራም ላይም ብዙ ሻጭ አለ፣ በቴሌብር ትከፍላላችሁ፣ በሞተር ይመጣላችኋል። ምቹ ነው። ነገር ግን ለክበባችን ከአንድ ሻጭ በደረሰን ሳጥን ውስጥ የነበረው የርቀት ሴንሰር ከመጀመሪያውም አይሠራም ነበር። ስደውል «ወንድሜ፣ የተሸጠ ዕቃ አንመልስም፣ ስታወጡት አበላሽታችሁት ይሆናል» አለኝ። በጣም አዘንኩ። ገንዘቡ የተዋጣው ከልጆች ወላጆች ነው። ሌላ ሱቅ ስሄድ ደግሞ ሻጩ ልጅ ሴንሰሩን ከመስጠቱ በፊት ባንኮኒው ላይ በራሱ ሰሌዳ ሰክቶ እጁን ወደፊት ወደኋላ እያደረገ ቁጥሩ ሲለወጥ አሳየኝ፣ «በሳምንት ውስጥ ችግር ካለ አምጣው ጋሼ» አለኝ። እንዲህ ያለውን ሻጭ ፈልጉ። ትንሽ ቢያስወድድም ከእሱ ግዙ። የሚሸጥላችሁ ሰው ሰሌዳዋን ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ መብራቷን ማብራት ካልቻለ ስለ ዕቃው አያውቅም ማለት ነው።

ዋጋው ከወር ወር ስለሚለያይ ቁጥር አልጽፍም። ሁሉም ከውጭ የሚገባ ነው፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 በላይ ሲሆን የእነዚህ ዕቃዎች ዋጋም አብሮ ተነሳ። ገንዘብ ለሚያጥረው የምመክረው ሙሉ ኪት ሳይገዛ ነጠላ ነጠላውን እንዲገዛ ነው። አንድ ኡኖ፣ አንድ ብሬድቦርድ፣ ጥቂት ኤልኢዲና ሬዚስተር፣ ሽቦ፣ የብርሃን ሴንሰር፣ የርቀት ሴንሰር፣ በዘር። የትምህርት ዘመኑን በሙሉ ይበቃል። የቀረውን ልጆቹ ሲፈልጉት ትጨምራላችሁ።

ከማይክሮቢት ጋርስ? ማይክሮቢት ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ለእንግሊዝ የ11 እና የ12 ዓመት ልጆች በነጻ ያደለው ሰሌዳ ነው፣ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚሆን ታድሏል። እውነቱን ለመናገር ለትንንሽ ልጆች እሱ ይሻላል። 25 መብራቶች፣ ሁለት ቁልፍ፣ ሙቀት መለኪያ፣ ኮምፓስና እንቅስቃሴ የሚያውቅ ሴንሰር ሁሉም ሰሌዳው ላይ ተገጥመው ይመጣሉ፣ ሽቦ የለም፣ ድራይቨር የለም። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ያለው ስሪት ድምፅ ማጉያና ማይክሮፎንም አለው። ግን እኛ ገበያ ላይ ማግኘት ይከብዳል፣ ሲገኝም ከአርዱዊኖ ቅጂ ዋጋው ይበልጣል፣ አንድ ክፍሉ ቢበላሽ መለዋወጫ የለውም። አርዱዊኖ ላይ የተቃጠለውን ነቅላችሁ ሌላ ትሰካላችሁ። ውጭ አገር ያላችሁ ዘመዶች ለወንድምና ለእህት ልጆች ጫማና ልብስ ከምትልኩ፣ ለ9 እና ለ10 ዓመት ልጅ ማይክሮቢት ላኩ። ሻንጣ ውስጥ ቦታ እንኳ አይወስድም።

በሪሞት የሚሄዱትን የፕላስቲክ ሮቦቶች ግን «ለሳይንስ ትምህርት» ተብለው ሲሸጡ አትግዙ። ልጁ ቁልፍ ይጫናል፣ ሮቦቱ ይሄዳል፣ አለቀ። ውስጡን ከፍቶ አያይም፣ የሚለውጠው ነገር የለም።

ገንዘቡ ጨርሶ ለሌለው ትምህርት ቤት ደግሞ ነጻ መንገድ አለ። ፌት የሚባለውን የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሲሙሌሽን ስብስብ ተጠቀሙ። እ.ኤ.አ. በ2001 በፊዚክስ ኖቤል የተሸለመው ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 ያስጀመረው ነው። የኤሌክትሪክ ዑደት መሥሪያው በጣም ግሩም ነው። አንዴ ካወረዳችሁት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ልጆቹ ባትሪና አምፖል እያገናኙ ኤሌክትሮኖቹ ሲሄዱ ያያሉ፣ ሽቦ አሳስተው ቢያገናኙም የሚቃጠል ነገር የለም። እኔ ኪቱ ላይ ከመድረሳችን በፊት በእሱ ነው የማስጀምረው። ብቻውን ግን አይበቃም። ስክሪን ላይ የበራው አምፖል ልጁ ራሱ ሰክቶ ካበራው ጋር አይወዳደርም።

ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ይሄ ለሚኒስትሪ ፈተና ይጠቅመዋል?» የሚል። ጥያቄው ይገባኛል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ስንሰማ ሁላችንም ደንግጠናል፣ ወላጅ ቢጨነቅ አይፈረድበትም። ኪቱ የፈተና ጥያቄ አያስጠናም። በኪቱ የሠራ ልጅ ግን ስለ ቮልትና አምፒር ሲጠየቅ የሚያስበው እጁ የነካውን ነገር ነው። ሬሾና መቶኛ ለሮቶው አስልቷል። ያልሠራ ነገር ሲገጥመው ተቀምጦ ከማልቀስ የት ጋ እንደተቋረጠ አንድ በአንድ መፈለግ ለምዷል። ፈተናው ላይ ይህ አይጠቅምም የሚለኝን ሰው አልሰማውም።

ለመምህራን ደግሞ፣ ከ50 በላይ ልጅ ባለበት ክፍል አንድ ኪት ይዛችሁ አትግቡ። ፊት የተቀመጡት ያያሉ፣ የኋላዎቹ ያወራሉ። በክበብ ሥሩ፣ ለሦስት ልጅ አንድ ሰሌዳ። አንዱ ሽቦ ይሰካል፣ አንዱ ኮድ ይጽፋል፣ አንዱ ይመዘግባል፣ በየሳምንቱ ይለዋወጣሉ። መለዋወጡ ግዴታ ይሁን። ካልተቆጣጠራችሁ ወንዶቹ ሽቦውን ይይዙና ሴቶቹ ጸሐፊ ሆነው ይቀራሉ። ይህን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፣ ያናድደኛልም። የሮቶውን ፕሮጀክት ያመጣችው ሴት ልጅ ናት፣ የመጀመሪያውን ሽቦ የሰካችውም እሷው ናት። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንዳለው ያለ የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ) ማዕከል የሚቀርባችሁ ካላችሁ ደግሞ ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ፣ እኛ ክበብ ውስጥ የማይታሰብ ዕቃ እዚያ ይገኛል።

ሳጥኑን ለልጆቹ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ብዙዎቹ ኪቶች ውስጥ ሪሌ የምትባል ሰማያዊ ትንሽ ማብሪያ አለች። በአርዱዊኖ የቤት መብራት የሚያበሩ ቪዲዮዎችን ልጆቹ ዩቲዩብ ላይ ያያሉ፣ እሷን ነው የሚፈልጉት። ቀሪው ኪት በ5 ቮልት ስለሚሠራ ማንንም አይጎዳም። የግድግዳው 220 ቮልት ግን ይገድላል። ሪሌዋን አውጥታችሁ እናንተ ጋ ቆልፉባት። ለመማር ከፈለጉ በፓወር ባንክ የምትሠራ ትንሽ አምፖል አብሩባት፣ አሠራሩ አንድ ነው፣ «ቀጭ» የምትለውም ድምፅ ያው ነው።